480 ኪሎሜትር በ150 ሲሲ፣ ከዚያ ድንኳን፦ ከትልልቅ ሞተሮች ጋር ልውጣ?

መንገደኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተር የሚነዱ ጓደኞቼ በወሩ መጨረሻ ሐይቅ ዳር ድንኳን ጥለን እንድናድር አስበዋል። መንገዱ ለመሄጃ ብቻ 480 ኪሎሜትር ነው። አብዛኛው አስፋልት ነው፣ መጨረሻው ላይ 30 ኪሎሜትር ገደማ ኮረኮንች አለ።

የኔ ሞተር 150 ሲሲ ነው። የእነሱ ከ400 እስከ 800 ይደርሳል። በ80 ስሄድ ሞተሩም እኔም ደህና ነን። ከዚያ ካለፈ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ እጄ ይደነዝዛል። እነሱ 110 እና 120 ለምደዋል። ማንም "አትምጪ" አላለኝም፣ እንዲያውም ካልመጣሽ እያሉ ነው። ግን እነሱን ሳዘገይ እንዳልውል፣ ወይም ልድረስባቸው ብዬ ከአቅሜ በላይ እንዳልነዳ እፈራለሁ።

አብሬያቸው ልነሳ ወይስ ብቻዬን ልቅደም? ዕቃስ እንዴት ልጫን? ሌሊቱ ይበርዳል ብለውኛል፣ ለሱም ምክር ካላችሁ።

ሁለት_ጎማ፦

ሂጂ! በኋላ የሚቆጭሽ መቅረትሽ ነው።

እመቤት_በሞተር፦

እህቴ፣ 150 ሲሲ 480 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ እሱ አያሳስብሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አለመነጋገራችሁ ነው። ካልተነጋገራችሁ ዛሬውኑ ተጠራሩ። ማን ይመራል፣ በስንት ይሄዳል፣ የት የት ይቆማል፣ ሰው ቢጠፋ የት ይገናኛል። እነዚህ ሳይታወቁ ሞተር አይነሳም።

ቡድን የሚሄደው በዝግተኛው ሰው ፍጥነት ነው። ይሄ ላንቺ የሚደረግ ውለታ አይደለም። አብሮ መሄድ ማለት ራሱ እሱ ነው። ስለዚህ መሪው 80 ላይ ይቆይ፣ አንቺ ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ሁኚ። ብዙ ቡድን አዲሱን ሰው መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይሄ አደገኛ ነው። ሰልፍ እንደ ላስቲክ ይሳባል። መሪው ከኩርባ ሲወጣ ጋዝ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ትንሽ ይዘገያል፣ ሦስተኛው ከሱ ይበልጥ ይዘገያል። መጨረሻ ያለው ክፍተቱን ለመዝጋት 110 መንዳት ግድ ይሆንበታል። ከሁሉ የሚዘገየው ሰው ከሁሉ በላይ ሲሮጥ ይውላል።

መጨረሻ ላይ የሚሆነው ደጀኑ ነው። ልምድ ያለው፣ መፍቻና የመጀመሪያ ዕርዳታ ቦርሳ የያዘ ሰው።

አስፋልት ላይ ዚግዛግ ሂዱ። መሪው ከመስመሩ ግራ ከሆነ አንቺ ቀኝ፣ ከኋላሽ ያለው ግራ። በሰያፍ ካለው ሰው 1 ሰከንድ፣ ቀጥታ ከፊትሽ ካለው ቢያንስ 2 ሰከንድ ራቂ። በ90 ስትሄጂ በየሰከንዱ 25 ሜትር ትጓዣለሽ፣ ስለዚህ 2 ሰከንድ ማለት 50 ሜትር ነው። ኩርባ፣ ዝናብ ወይም ኮረኮንች ላይ ዚግዛጉ ይቅርና በአንድ መስመር ተራርቃችሁ ሂዱ።

ለመገንጠያ ደግሞ ይሄን ተጠቀሙ። መሪው መታጠፊያ ሲደርስ ከኋላው ያለው ሰው ደህና ቦታ ዳር ይዞ ይቆማል፣ ለሚመጡት አቅጣጫ ያሳያል። ደጀኑ ሲመጣ ከሱ ፊት ይገባል። በቀጣዩ መገንጠያ ደግሞ ሌላው ተራውን ይቆማል። ሰው ያልቆመበት መገንጠያ ካገኘሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ ማለት ነው። እንዲህ ከተስማማችሁ ማንም ከፊቱ ያለው ሰው ጠፋብኝ ብሎ አይከንፍም።

መንገደኛዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ! አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሁለተኛ ከሆንኩ መገንጠያ ላይ የምቆመው እኔ ነኛ? ከዚያ ወደ መጨረሻ ልወርድ ነው፣ አንቺ ደግሞ መጨረሻ አትሁኚ ብለሽኛል።

እመቤት_በሞተር፦

ጥሩ አየሽ። ሦስተኛው ይቁም። አንቺ ቦታሽን አትልቀቂ። ዋናው ነገር ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም በአንድ ቃል መስማማቱ ነው።

ነፋስ_ጋላቢ፦

እኔ በዚህ አልስማማም። እመቤት ያልሽው ሁሉ ወረቀት ላይ ልክ ነው። ግን 120 የለመደ ሰው ቀኑን ሙሉ በ80 ሲነዳ ይሰለቸዋል። የሰለቸው ሰው ሐሳቡ ይሸሻል፣ ስፖኪዮ ማየት ይተዋል። ከምሳ በኋላ አንዱ "ትንሽ ልልቀቀው" ይላል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ ቡድኑ ይበተናል። በሰልፍ መንዳት ለራሷም ቢሆን አድካሚ ነው። መንገዱን ትታ የሰው የኋላ መብራት ስታይ ነው የምትውለው። ብቻዋን ሁለት ሰዓት ቀድማ ትውጣ። በራሷ ፍጥነት ትንዳ፣ ድንኳኑ ጋ ይገናኙ።

እመቤት_በሞተር፦

ወንድሜ፣ መሰልቸቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን 30 ኪሎሜትር ኮረኮንች ላይ ብቻዋን ጎማ ቢፈነዳባትስ? ስልክ የማይሠራበት ቦታ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሰው ብቻውን እንዲሄድ አልመክርም።

አሮጌው_ጋላቢ፦

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ለሁለት ክፈሉት። በ80 መሄድ ደስ የሚለው አንድ ልምድ ያለው ሰው አይጠፋም፣ እሱና መንገደኛዋ ቀድመው ይነሱ። ሌሎቹ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይከተሉ። ነዳጅ መቅጃ ላይና ኮረኮንቹ መጀመሪያ ላይ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም አብራችሁ ግቡ።

አሁን ስለ ሰዓት ልንገርሽ ልጄ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። 480ን ለ80 አካፍለሽ 6 ሰዓት ነው እንዳትይ። ከተማ ማለፍ አለ፣ ዳገት አለ፣ ከጭነት መኪና ጀርባ መጎተት አለ። አማካይሽ ወደ 65 ይወርዳል። ይሄ ከ7 ሰዓት ተኩል ትንሽ የሚያንስ መንዳት ነው። በየ90 ደቂቃው የምታርፊበት ሲደመር ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ንጋት 12 ላይ ከተነሳሽ ከቀኑ 9 ሰዓት ትደርሻለሽ። ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚተርፈውን ጊዜ "ቀደም ብለን ስለምንደርስ አርፍደን እንነሳ" ብላችሁ አትንኩት። የጎማ ፍንዳታው፣ ዝናቡ፣ የጠፋው ጓንት የሚበላው እሱን ነው። ድንኳን በጨለማ መትከል ይቻላል። ቦታ በጨለማ መምረጥ ግን አይቻልም። ዓይንሽ ድንጋዩን፣ የደረቀውን የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የውሃ መውረጃውን አያይም።

ስለ ፍጥነትም አትሸማቀቂ። አሜሪካ ውስጥ አይረን ባት አሶሲዬሽን የሚባል ማኅበር አለ። በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎሜትር ለነዳ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። አካፍይው፣ በሰዓት 67 ኪሎሜትር ነው። እነዚያ ሰዎች የሚያሸንፉት በመክነፍ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ባለመቆምና ቆመው ባለመዘግየት ነው። ሳይዋከብ በአንድ ፍጥነት የሚነዳ ሰው ብዙ ይሄዳል።

እንቅልፍ ከመጣ ግን ያለ ክርክር ቁሚ። በ80 ስትነጂ ለ3 ሰከንድ ዓይንሽ ቢከደን 67 ሜትር ሳታዪ ሄድሽ ማለት ነው። ዘፈን፣ ቀዝቃዛ ነፋስ፣ ፊት መታጠብ እንቅልፍን አያስቀሩም። 20 ደቂቃ ጋደም ማለት ይሻላል።

መንገደኛዋ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ቡድን የሚለውን ለልጆቹ ነግሬያቸው ወዲያው ተስማሙ። አንዱ ልጅ "እኔም እኮ 120 ሰልችቶኝ ነበር" ብሎ ከኔ ጋር ሊወጣ ነው። አሁን የዕቃውን ነገር ንገሩኝ።

የካቴና_ዘይት፦

የኔ ሙያ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ መቀመጫው ተጠግቶ ይታሰር። መሣሪያ፣ ውሃ፣ ምድጃ በጎን ቦርሳዎች ታች። ግራና ቀኙ ክብደቱ ይመጣጠን። ከኋላ መጫኛው ላይ የመኝታ ከረጢትና ልብስ ብቻ ይሁን። ከኋላ ጎማ ወዲያ ከባድ ነገር ከሰቀልሽ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው ይዋልላል። 150 ሲሲ ላይ ደግሞ ይሄ ቶሎ ይታወቃል። አምራቹ የፈቀደው የክብደት ጣሪያ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ የራስሽም ክብደት እዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

መንጠቆ ያለውን ላስቲክ ተዪው። ሲፈናጠር ዓይን ያጠፋል፣ መንገድ ላይም ይለጠጣል። ጠፍጣፋ ማሰሪያ ከነመቆለፊያው ግዢ። የተረፈውን ጫፍ ጠቅልለሽ በናስትሮ እሰሪው። ተንጠልጥሎ የሚሄድ ጫፍ ካቴናው ወይም የኋላ ቸርኬው ውስጥ ከገባ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሊያቆመው ይችላል። ማርሚታው አጠገብ ምንም የሚቀልጥ ነገር አይኑር። ከተነሳሽ ከ10 ኪሎሜትር በኋላ ቆመሽ እንደገና አጥብቂ፣ ዕቃ መንገድ ላይ እየተቀመጠ ይላላል።

ጭነት ሲጨመር የኋላው ሾክ ይጨመቃል፣ ካቴናውም ይወጠራል። ስለዚህ ዕቃው ተጭኖ አንቺም ተቀምጠሽበት ሌላ ሰው ካቴናውን በጣቱ ከፍ ዝቅ ያድርገው። ጭራሽ የማይነቃነቅ ከሆነ ጠብቋል፣ ይላላ። ለብዙ ሞተሮች ያለ ጭነት ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር ነው የሚባለው፣ ያንቺን መመሪያው ይነግርሻል። ዘይቱን ማታ ስትደርሺ ቀቢው። ካቴናው ትኩስ ስለሆነ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊቱን ሲያርፍ ጠዋት አይረጭም።

የጎማ ነፋስ ሳትነጂ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ይለካ። ከጭነት ጋር ስንት እንደሚሆን ብዙ ጊዜ ካቴና መሸፈኛው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ጎማሽ የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንቀያና መንፊያ ያዢ። በቀዳዳው የሚሰካው መጠገኛ የሚሠራው ቲዩብለስ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ የሌለው ጎማ ላይ ብቻ ነው። ካንዴላ፣ ካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦና ናስትሮ ካለሽ ብዙ ነገር ታልፊያለሽ።

አንድ የሚረሳ ነገር። ኋላው በጭነት ሲወርድ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ያያል። ከፊት የሚመጣውን ሰው ታሳውሪያለሽ፣ አንቺም መንገድሽን አታዪም። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ግድግዳ ላይ አብርተሽ አስተካክዪው።

ሁለት_ጎማ፦

የጆሮ መድፈኛ! ማንም አላነሳውም። በ100 ሲነዳ ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ድምፅ ወደ 100 ዴሲቤል ይጠጋል። ያን ያህል ድምፅ ጆሮ ላይ ጉዳት ሳያመጣ የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። መድፈኛው ጆሮን ከመጠበቁ ሌላ ድካምን ይቀንሳል፣ የመኪና ጡሩምባ ግን ይሰማሻል።

ድንኳን_ጣይ፦

ወደ ሌሊቱ ልምጣ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው።

ብርድ የሚገባው ከላይ ይመስላል። ግን ሰውን የሚያንቀጠቅጠው መሬቱ ነው። የመኝታ ከረጢት የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው። ስትተኚበት ከሥርሽ ያለው ይደፈጠጣል፣ አየሩ ይወጣል፣ መሬቱ ሙቀትሽን መሳብ ይጀምራል። ስለዚህ ገንዘብሽ ውስን ከሆነ መጀመሪያ ጥሩ የመሬት ፍራሽ ግዢ። አር ቫልዩ የሚባል፣ ፍራሹ የመሬቱን ብርድ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ተጽፎበታል። ለቀዝቃዛ ሌሊት 3 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ውስጡ መከላከያ የሌለው ተራ የሚነፋ ፍራሽ ምቹ ይመስላል፣ ሌሊት ግን ያቀዘቅዛል።

ጀርመን ውስጥ ኤለፋንተንትሬፈን የሚባል የሞተረኞች ስብሰባ አለ። ከ1956 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብርዱ ወራት ነው የሚደረገው፣ በረዶ ላይ ድንኳን ተጥሎ። እዚያ የሚሄዱ ሰዎች ድንኳናቸው ሥር ገለባ ያነጥፋሉ። ምክንያቱ ይኸው ነው፣ ከመሬት መለየት።

ብርዱ የሚጀምረው ግን ሞተሩ ላይ ነው። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በ90 ስትነጂ ለተጋለጠ ቆዳ 4 ዲግሪ ያህል ነው የሚሰማው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ ስትወጪ ደግሞ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በርዶሽ ከደረስሽ ከረጢቱ አያሞቅሽም፣ ያለሽን ሙቀት ነው የሚጠብቀው። የዝናብ ልብስ ባይዘንብም ከላይ ልበሺው፣ ነፋስ ያቆማል። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ልብስና ካልሲ በላስቲክ ጠቅልለሽ ያዢ፣ ምንም ቢመጣ ቀን አትንኪው።

ቦታ ስትመርጪ የሐይቁ ጠርዝ ላይ አትውረጂ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ዝቅታው ይወርዳል፣ ጤዛውም እዚያ ይበዛል። ከፍ ያለ ሜዳ ምረጪ። በደረቀ ወንዝ ውስጥ በፍጹም! እዚያ ባይዘንብም ላይ ዘንቦ ሊመጣ ይችላል።

ይሄን ደግሞ ሁላችሁም ስሙኝ። ድንኳን ውስጥ ምድጃም ከሰልም አይገባም። ለአንድ ደቂቃ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ይተኛል፣ አይነሳም። ቢበርድሽ ሙቅ ውሃ በማያፈስ ጠርሙስ አድርገሽ ካልሲ አልብሰሽ ከረጢቱ ውስጥ ክተቺው። እሱ እስከ ንጋት ያቆይሻል።

ነርሷ፦

ድንገት ሰው ቢወድቅስ? ይሄንንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መጀመሪያ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አስቁሙ፣ አለዚያ ተጎጂው ሁለት ይሆናል። የወደቀው ሰው የሚተነፍስና የሚናገር ከሆነ ሄልሜቱን አታውልቁ። አታነሱትም፣ አታስቀምጡትም፣ አንገቱ ሊጎዳ ይችላል። መስተዋቱን ብቻ ክፈቱለትና እንዳይንቀሳቀስ ንገሩት። የማይተነፍስ ከሆነ ግን ሄልሜቱ ይወልቃል፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ። አንዱ ጭንቅላትና አንገቱን ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ያወልቃል። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ጫኑ፣ በየደቂቃው እያነሳችሁ አትዩት። እያንዳንዳችሁ የደም ዓይነት፣ የሚወስዱት መድኃኒትና የሚደወልለት ሰው የተጻፈበት ወረቀት በደረት ኪሳችሁ ይኑር። ስልክ ይቆለፋል፣ ወረቀት አይቆለፍም።

ነፋስ_ጋላቢ፦

እሺ፣ የሁለት ቡድኑን ሐሳብ ተቀብያለሁ። አንድ ልጨምር። የነዳጅ እቅድ በትንሹ ታንከር ይሠራ። 12 ሊትር የሚይዝና በ100 ኪሎሜትር 4 ሊትር የሚፈጅ ሞተር 300 ይሄዳል። ግን ጭነትና የፊት ነፋስ ፍጆታውን ይጨምራሉ፣ ስለዚህ 200 ላይ ይቀዳ። አንዱ ሲቀዳ ሁሉም ይቅዳ። "የኔ ገና ነው" የሚል ሰው ከ40 ኪሎሜትር በኋላ ሁሉንም ያስቆማል።

መንገደኛዋ፦

ተመልሰናል! ሁላችንም ደህና ነን። ጉዞው እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

ሁለቱ ቡድኖች ልክ እንደታሰበው ነዳጅ መቅጃ ላይ ተገናኙ። ቀኑን ሙሉ በ80 ነዳሁ፣ ማንም ከኋላዬ አልገፋኝም። ጋሼ፣ ያተረፍነው ሰዓት በከንቱ አልቀረም። ከትልልቆቹ አንዱ ጎማው ሚስማር ወጋው። መሰኪያ ስለያዘ ተጠገነ፣ ግን የሚነፋው ትንሿ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ወሰደች። ከዚያ ሌላ ኮረኮንቹ ከጠበቅነው በላይ ዘገየ። ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ ግን ቦታ ለመምረጥ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነበር የቀረን። ንጋት 12 ላይ ባንነሳ ኖሮ ኮረኮንቹን በጨለማ እናቋርጠው ነበር።

ኮረኮንቹ ላይ አብሮኝ የነበረው ልጅ ጥሩ ነገር አሳየኝ። እግር ማሳረፊያው ላይ ቆሜ፣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ ታንከሩን በጉልበቴ ያዝኩ። መሪውን ላላ አድርጌ ስይዘው ሞተሩ ከሥሬ ይወዛወዛል፣ እኔ ግን አልወዛወዝም። የፊት ፍሬኑን በሁለት ጣት ብቻ፣ ቀስ አድርጌ። ዓይኔን ከፊት ጎማዬ ላይ አንስቼ ራቅ አድርጌ ሳይ መንገዱ ራሱ የቀለለ መሰለኝ። አቧራው ስለሚያሳውር በጣም ተራርቀን ነው የሄድነው።

የሐይቁ አፈር ለስላሳ ነበር። የአንዱ ልጅ ሞተር የጎን ማቆሚያው እየሰመጠ ዘንበል ሲል ደርሰን ያዝነው። ከዚያ ሁላችንም ማቆሚያው ሥር ጠፍጣፋ እንጨት አደረግን፣ ማርሽ ውስጥ አስገብተን፣ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ አዙረን አቆምን።

ሌሊቱ በጣም በረደ። ድንኳን_ጣይ፣ ፍራሹን ስለነገርከኝ እግዜር ይስጥህ። ሙቅ ውሃው ጠዋትም ለብ ያለ ነበር። ካሰቡት በላይ የተደሰቱት ደግሞ ቀስ ብለው የነዱት ናቸው። 120 የለመዱት ልጆች በመልሱ ጉዞ "እኛም ከአንቺ ጋር እንሂድ" ብለው ሁላችንም በአንድ ቡድን ተመለስን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ድንኳኑን በጤዛ እርጥብ እንዳለ ነው የጠቀለልኩት። ምን ላድርግ?

ድንኳን_ጣይ፦

እንኳን ደህና ገባችሁ! ድንኳኑን ዛሬውኑ ፍቺው፣ ነገ አትበይ። በአንድ ሁለት ቀን ይሻግታል፣ የሻጋታው ሽታና ነጥብ ደግሞ አይለቅም። ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ወይም ጥላ ሥር ስቀዪው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አታቆዪው፣ ጨርቁን ይጎዳዋል። ስፌቶቹንና ማዕዘኖቹን በእጅሽ ዳሺ፣ መጨረሻ የሚደርቁት እነሱ ናቸው። ዚፑን አሸዋው እስኪወጣ በውሃ አጥቢው። ካስማዎቹን ቁጠሪ፣ አንዱ ሁሌም ሣር ውስጥ ይቀራል። የመኝታ ከረጢቱን ግን በትንሿ ቦርሳው ጠቅጥቀሽ አታስቀምጪው፣ ሰፊ ነገር ውስጥ ተፈትቶ ይደር።

የካቴና_ዘይት፦

ካቴናውንም አሁኑኑ እጠቢው። የኮረኮንቹ አቧራ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል ብረት ይበላል። ለስላሳ ብሩሽና ነጭ ጋዝ ይበቃዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ብቻ፣ ጎማውን በእጅሽ እያዞርሽ።